የፊዴልማ ምስክር

«አየሃት አይደል?» አለችኝ ፊዴልማ፣ ገና የጀልባዋን ጠርዝ ሳትጨብጥ የመተንፈሻውን ጎማ ከአፏ ተፍታ። «ፓኪ፣ ተናገር እንጂ! አየሃት አይደል?»

እኔ ጀልባዋ ላይ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ያን ቀን ከካሪክፋድ ቋጥኝ ሥር ውሃው ደፍርሶ የገዛ እጄ እንኳ በቅጡ አይታየኝም ነበርና ከፊዴልማ ጋር ተጠፋፋን። የጠላቂ ደንብ ግልጽ ነው። ጓደኛህ ከጠፋብህ ዞር ዞር ብለህ ትፈልጋለህ፤ ካጣኸው ትወጣለህ፤ እሱም ይወጣል፤ ላይ ትገናኛላችሁ። እኔ ደንቡን አክብሬ ወጣሁ። ፊዴልማ ግን አንዴ ቋጥኝ ላይ ካቀረቀረች ደንብም ባልም አታውቅም። ደግነቱ ባል የላትም።

«ማንን ነው ያየሁት?»

«እሷን ነዋ! ሐምራዊዋን! ባትሪዬን እያዞርኩ ጠራሁህ፣ መጣህ፣ አሳየሁህ፣ እሺ ብለህ ምልክት ሰጠኸኝ። ጎን ለጎን ሆነን አይደል እንዴ ያየናት?»

«እኔ እዚህ ከተቀመጥኩ ሁለተኛ ኩባያዬ ነው፣ ሴትዮ።»

ጀልባዋን ወደሚይዝልን ሰው ዞረች። እሱም «ፓኪ እውነቱን ነው፣ ቆይቷል ከወጣ» አላት። ደስታዋ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አየሁት፤ ጨርሶ አልወደድኩትም። ካሜራዋን አነሳች። ውስጡ ውሃ ገብቶ ይንቦጫረቅ ነበር።

ፊዴልማ ማክጊንሊ በመንደራችን ያልቆረጠችው ፀጉር የለም። የኔንም ቆርጣለች፣ ፀጉር በነበረኝ ዘመን። መቀሷን የሰቀለች ዕለት ሁሉም ሰው «አሁንስ ታርፋለች» አለ። እሷና ዕረፍት ግን ተዋውቀው አያውቁም። እናቷን ከቀበረች በኋላ፣ ሌሎች ሴቶች የጉልበት ሕመም በሚያወሩበት ዕድሜ፣ መጥለቅ ተማረች። ታች ወርዳ ደግሞ ዓሣውንም፣ ሸርጣኑንም፣ የሰመጠውን መርከብም ትታ፣ ዛጎል የሌላቸውን የባሕር ቀንድ አውጣዎች ወደደች። ከባቄላ ፍሬ የማይበልጡ ናቸው። ቀለማቸው ግን ያስደነግጣል፤ እግዜር የተረፈውን ቀለም ሁሉ እነሱ ላይ የደፋ ይመስላል። እኔ «ንፍጥ በዶቃ» እላቸዋለሁ፣ እሷም ትቀየመኛለች።

ባሕሩ እየሞቀ ነው። ድሮ ከስፔንና ከፖርቱጋል ዳርቻ ንቅንቅ የማይሉት ዛሬ ወደ ሰሜን ሽቅብ እየመጡብን ነው። ስለዚህ የማኅበራችን ጠላቂዎች አዲስ ነገር ሲያዩ ፎቶ አንስተው ደብሊን ላለ አንድ አጣሪ ይልካሉ። ፎቶ ከሌለ ሁለት ሰው አይቶ መመስከር አለበት። አንድ ሰው ብቻውን ያየው ማንም እንዳላየው ይቆጠራል።

አጣሪው ጨዋ ሰው ነው። «ይህች ፍጥረት በእኛ ውሃ ታይታ አታውቅም። ቃልዎን አልጠራጠርም፤ ግን ያለ ሁለተኛ ምስክር ከጥያቄ ምልክት ጋር ከመመዝገብ ሌላ ምርጫ የለኝም» ብሎ መለሰላት። ሌላ ሰው ቢሆን ትንሽ ተናዶ ይተወው ነበር። ፊዴልማን እንቅልፍ የነሳት ግን ቀንድ አውጣዋ ብቻ አልነበረችም። ያን ጠላቂም አይታዋለች። ጠላቂው እኔ አልነበርኩም፤ ከጀልባችን ደግሞ ከኛ ከሁለታችን በቀር የወረደ ሰው የለም።

እናቷን የጀመራት እንዲሁ ነው። «ደረጃው ላይ ልጆች ተቀምጠዋል፣ እርጥብ ናቸው፣ ፎጣ ስጧቸው» ትል ነበር። ማንም የለም። እየቆየች ስትሄድ ሁለት ሴት ልጆቿን ረሳች፣ በመጨረሻም ማንኪያ ምን እንደሚሠራ ረሳች። ፊዴልማና ታናሽ እህቷ ኑዋላ ናቸው እስክትሞት ያስታመሟት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ቁልፍ በጠፋባቸው ቁጥር ይደነግጣሉ።

«ያ ጠላቂ ምን ይመስላል?» አለቻት ኑዋላ መልሱ የመጣ ዕለት ማታ፣ ድንች እየላጠች፣ ቀና ሳትል።

«ጥቁር ልብስ፣ መነጽር፣ ጓንት። እንደ ማንኛውም ጠላቂ ነዋ።»

«አናገረሽ?»

«ውሃ ውስጥ ነን እኮ ኑዋላ! በምን አፉ ያናግረኛል?»

«እሺ። እሺ የኔ እህት።»

ይህ «እሺ» እናታቸውን ሲያባብሉበት የኖሩት «እሺ» ነበር። ፊዴልማ ወዲያው ለየችው።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ማለት አቃታት። በጎረቤት መንደር ያሉትን ማኅበሮች ሁሉ ደውላ ጠየቀች፤ ያን ቀን በእኛ በኩል የጠለቀ የለም አሏት። እኔን እየጎተተች ወደዚያው ቋጥኝ ደጋግማ ወረደች። አንድም ነገር አላገኘንም። ቤቷ ገብታ ስታስብ ምጣዷን እሳት ላይ ረሳችው። ኑዋላ አየች፣ ምንም ሳትል መስኮቱን ከፈተች። ሰው እንዳልረሳ ብሎ ሲጨነቅ የባሰ እንደሚረሳ ለእነዚህ እህትማማቾች ማን በነገራቸው!

«ፓኪ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ አንድ ቀን ልብሳችንን ስንቀይር። «እያበድኩ ነው?»

«አሁን ነው የታወቀሽ? ጤነኛ ሰው በዚህ ብርድ ንፍጥ ፍለጋ ይጠልቃል?»

አልሳቀችም። ጀርባዋን ስትሰጠኝ ሳይ ምላሴን በቆረጥኩት አልኩ።

በእኛ አገር መንገድ ላይ በመኪና ስትተላለፍ እጅህን ከመሪው ሳታነሳ ሌባ ጣትህን ብቻ ቀና ታደርጋለህ። ሰላምታ ናት። ይህችን የነፈግከው ሰው ጠላትህ ነው ማለት ነው። ከባሕሩ ዳር የሚኖረው ኮንዲ ቦይል ግን ሌባ ጣት የለውም፤ በወጣትነቱ የዓሣ ጀልባ ገመድ ቆርጦታል። ስለዚህ የሚያነሳው የመሐል ጣቱን ነው። «ኮንዲ ያገሩን ሰው ሁሉ በየቀኑ ይሰድባል፣ ማንም አይቀየመውም» እየተባለ ይሳቅበታል። ለፊዴልማ ግን ያችንም ስድብ ነፍጓታል። የባሕር አረም በሚታጨድበት ዳርቻ ድንበር ሰበብ የሁለቱ አያቶች በመቅዘፊያ ተፈናክተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ቦይሎችና ማክጊንሊዎች አይነጋገሩም። ለቀብር ይመጣሉ፣ እጅ ይጨብጣሉ፣ ሻይ ሳይጠጡ ይወጣሉ። የሚነጋገሩት በሬሳ ፊት ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በፖስታ መኪናዬ ላደርሳት ስሄድ ኮንዲ ከፊት መጣ። መጀመሪያ እኔን አይቶ ጣቱን አነሳ፤ ከጎኔ እሷን ሲያይ መልሶ አጠፋት።

«አቁም!» ብላ ጮኸች።

«ምን ሆንሽ? ሰው ገጨሁ እንዴ?»

«ጓንቱ! የሌባ ጣቱ ጓንት ባዶ ነበር። ተጣጥፎ ተንጠልጥሎ ነበር። እሺ ያለኝ እንደ ጠላቂ ሁሉ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ገጥሞ ሳይሆን በመሐል ጣቱ ነው! እኔ ብርዱ እጅህን አደንዝዞት ጓንትህን አጣምመህ ያጠለቅክ መስሎኝ…» ብላ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

ኮንዲ ሊሆን አይችልም አልኳት። ድሮ ይጠልቅ ነበር፤ ልቡን ተቀዶ ከዳነ በኋላ ግን ሐኪሙ ባሕር እንዳይነካ ከልክሎታል፤ እሱም ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ለሚስቱ ለሳዲ በእናቱ አፅም ምሎላታል። አሁን ከቋጥኙ ማዶ ድንች ይኮተኩታል። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ፊዴልማ ጆሮዋን አልሰጠችኝም። (ኮንዲ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ባሕሩ ሳይሆን ዕድሜ ነው የወሰደው። ባይሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልዘረገፍኩት።)

በማግስቱ ኮንዲ ቤት ሄደች። እዚህ ሰው የሚገባው በጓሮ በር ነው፤ የፊቱ በር ለቄስና ለሬሳ ሳጥን ነው። ፊዴልማ ግን ባዕድ ስለሆነች የፊቱን በር አንኳኳች። ኮንዲ በዚያ በር አንኳኪ ሲሰማ ፊቱ አመድ መስሎ ከፈተ።

«ማን ሞተ?» አላት።

«ማንም አልሞተም። ኮንዲ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። መልሰህ ዝጋው፣ ከፈለግክ እስክትሞት አታናግረኝ። የዛን ዕለት ከቋጥኙ ሥር የነበርከው አንተ ነህ?»

ወደ ኋላ፣ ወደ ማድቤቱ ዞር ብሎ አየ። «ሳዲ ሱቅ ሄዳለች። ግቢ፣ ግቢ፣ ሰው እንዳያይሽ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። እሱም አላስቀመጣትም፣ እሷም አልተቀመጠችም።

«ምን እንዳሳየሁህ ንገረኝ» አለችው። «እኔ አልነግርህም። አንተ ተናገር።»

«ትንሽ ነገር ናት፣ እንደ ባቄላ» አለ ኮንዲ ቀስ ብሎ። «ሐምራዊ። ጀርባዋ ላይ ሰማያዊ መስመር አላት። እንደ ፀጉር የቆሙት ነገሮች ጫፋቸው ቢጫ ነው። የባሕር አረም ቅጠል ላይ ትወዛወዝ ነበር። ሳዲ ለወንድሟ ሰርግ የደፋችውን ባርኔጣ ነው ያስታወሰችኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ፊዴልማ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ኮንዲ ምን እንደሚያደርግ ጠፋበት፤ ኪሱን ፈትሾ መሐረብ ሲያጣ የድንች ማሳ ጓንቱን ሰጣት።

«ታድያ እኔ መሆኔን አላወቅክም?»

«በባትሪሽ አወቅኩሽ። ከዚህ መንደር እንደዛ ቁጣ ቁጣ የሚለው ባትሪ ያንቺ ብቻ ነው። ልሄድ ነበር። ግን ጠራሽኝ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሰው ሁሉ አርፈህ ተቀመጥ ነው የሚለኝ፤ ና እይ ያለኝ የለም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፊዴልማ፣ ስሜ ደብሊን ከተጻፈ አለቀልኝ። ሳዲ ትሞትብኛለች። እቃዬን የማገዶ ቤት ነው የደበቅኩት። ታች ስሆን ልቤ ጸጥ ይላል፤ ላይ ስሆን ቀኑን ሙሉ ምቱን እየቆጠርኩ ነው የምውለው።»

ይህን ጊዜ የጓሮው በር ተከፈተ። ሳዲ የዳቦ ከረጢት ይዛ ብቅ አለች። ለሁለት ትውልድ ከቀብር በቀር ደጇን ያልረገጠ ወገን ሰው በኮሪደሯ ቆሞ ሲያለቅስ አገኘች።

«ምን ጉድ ነው?» አለች።

ኮንዲ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ፊዴልማ አየችው። ምስክሯ በእጇ ነው። አንድ ቃል ብትናገር የጥያቄ ምልክቱ ይነሳል፣ ኑዋላም ታምናታለች። ሰውዬው ግን እንደ ተሰጣ አንሶላ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

«ሳዲ» አለቻት፣ «ቤቴ መስሎኝ ነው የገባሁት። እናቴ ከላይ እየጠራችኝ ነበር።»

ሳዲ ከረጢቷን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ መጥታ ክንዷን ያዘች። «ነይ የኔ እመቤት» አለቻት። «እኔ አደርስሻለሁ።»

እኔ ደብዳቤ አድርሼ ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ የቦይል ሚስትና የማክጊንሊ ልጅ ክንድ ለክንድ ተያይዘው! መኪናዬን ቦይ ልከታት ምንም አልቀረኝ። ሳዲ በመስኮቴ አጎንብሳ «አእምሮዋ… እንደ እናቷ» ብላ ሹክ አለችኝ። ፊዴልማ ባዶውን አየችኝ። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ጤነኛ ሆና አታውቅም፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ በር ዘግቼ አለቀስኩ።

ቤት ሲደርሱ ኑዋላ ከበሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። የፈራችው ነገር በቦይል ክንድ ተደግፎ መጥቶላታል።

«ፊዴልማ፣ እኔ ማን ነኝ?» አለቻት እንባዋ እየወረደ።

«ያለ ጨው ድንች የምትቀቅይው ኑዋላ ነሻ» አለች ፊዴልማ። ከዚያ በላይ ብትናገር ሁሉን እንደምትዘረግፈው፣ ኑዋላ ደግሞ ከሳዲ መደበቅ እንደማትችል ስላወቀች በአጠገቧ አልፋ ገባች። የእህቷ ለቅሶ ከማናቸውም ነገር በላይ እንደቆጠቆጣት ኋላ ነግራኛለች።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ የሰዓት ሥዕል እንድትሥል አዘዛት፣ የቀኑን ስም ጠየቃት፣ ደህና ናት አለ። ኑዋላ ግን ሐኪምን ማመን ከእናቷ ጊዜ ጀምሮ ትታለች። እሷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤት የሚውል ሰው የለም። ሳዲ ሳትጠራ መጣች። «ማክሰኞ እኔ እቀመጣለሁ» አለች። እንዲህ ሆኖ ፊዴልማ በየማክሰኞው ታማሚ ሆነች። ሳዲ ዳቦና ቅቤ ይዛ ትመጣለች፣ ሻይ ትቀዳለች፣ ስለ ዶሮዎቿ ታወራለች። ፊዴልማ ደግሞ አንዳንዴ ጨዋታውን ላለማበላሸት ዶሮዎቹን በክርስትና ስማቸው ትጠራቸዋለች።

ሳዲ በሌለችበት ኮንዲ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ፊዴልማ ይህን ስታስብ ሰውነቷ ይበላት ጀመር። የሰውዬውን ምሥጢር ስትጠብቅ ሰውዬውን ልትገድለው ነው። ወደ እኔ መጣች፣ ሁሉንም ነገረችኝ፣ ሳቄን እስክጨርስ ጠብቃ በጥፊ ልትመታኝ ቃጣች።

«ብቻውን እንዳይወርድ» አለችኝ። «አብረኸው ግባ። ብትጠፋፋ ደግሞ ወዮልህ፣ ሻይህን ይዘህ እንዳትቀመጥ!»

ስለዚህ በየማክሰኞው ደብዳቤዬን አድዬ ከኮንዲ ጋር ወረድኩ። ሐምራዊዋን ፈለግናት፣ አላገኘናትም። ኮንዲ እኔ ጎን ሲዋኝ እንደ ወጣት ነበር። ላይ ግን እርጅናው ተመልሶ ትከሻው ላይ ይቀመጣል።

በጥቅምት አንድ ማክሰኞ ማዕበል ተነሳብንና ከለመድነው ቦታ መውጣት አቃተን። ዳርቻውን ዞረን ከሌላ በኩል ለመውጣት ስንታገል ሰዓቱ ገፋ። የፊዴልማ መስኮት የሚያየው የባሕሩን መንገድ ነው። ኮንዲ በማሳው ካልሲና በጭቃ ጫማ ሆኖ የሚመለስበት ሰዓት አለፈ። ፊዴልማ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ኩባያ አጠበች፣ ያጠበችውን መልሳ አጠበች።

«ተቀመጪ» አለቻት ሳዲ።

«ንፋሱ… መስኮቱን ልዝጋው ብዬ ነው።»

«መስኮቱ ዝግ ነው። ተቀመጪ ፊዴልማ። ፓኪ አብሮት ነው።»

ፎጣው ከፊዴልማ እጅ ወደቀ።

«የፀጉር ሥራ የኖርሽበት ነው» አለች ሳዲ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ድንች ሲኮተኩት የዋለ ሰው ፀጉሩ ጨው ጨው ይላል? ከመጀመሪያው ነው የማውቀው። ያን ቀን ቤቴ ስትመጪም ከጓሮ በር ኋላ ሆኜ የተባባላችሁትን ሁሉ ሰምቻለሁ። እናቴ ጠራችኝ ስትዪ ሳቄ መጣ። አእምሮሽማ ከኔ ይልቅ ጤነኛ ነው።»

«ታድያ ለምን? ኑዋላ ስታለቅስ አጠገቧ ቆመሽ እያየሽ!»

«እሱ በደሌ ነው» አለች ሳዲ። «ዛሬውኑ ንገሪያት፣ እኔም እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ግን ምን ላድርግ? ወንበር ላይ ልሰረው? ሲመለስ ያፏጫል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ከልክዬው ዓይኔ እያየ ቢደርቅብኝስ? ስለዚህ እንዳላወቅኩ ሆንኩ። እንዳላወቁ መሆን ግን ለብቻ ከባድ ነው። በየሳምንቱ በመስኮት እያየሁ፣ ለማንም መናገር ሳልችል። አንቺ ስትመጪ የሚያውቅ ሰው አገኘሁ።»

ንፋሱ ጣሪያውን እየነካካ አለፈ። መንገዱ ላይ ገና ሰው የለም።

«አሁን ከተመለሰ ድንቹ እንዴት ዋለ ብዬ እጠይቀዋለሁ» አለች ሳዲ። «ካልተመለሰ ግን ብቻዬን ልሰማው አልፈልግም።»

ፊዴልማ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ከጎኗ ተቀመጠች።